የሽቦው ሌላኛው ጫፍ

ጎንደር ውስጥ በግቢው ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው በሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ የነገሥታቱን ወርቅ ይፈልጋል፣ ወይ መተት ይቀብራል። ጉድጓዱ ውስጥ ከሰል ከጨመረ፣ በከሰሉም ላይ ጨው ከነሰነሰ ደግሞ የወርቁ ነገር ይቀርና ሁለተኛው ጥርጣሬ ብቻውን ይጸናል። «ኧረ ለሬዲዮ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ሬዲዮ ከሰማይ የሚወርድ ነገር እንጂ እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣ አይደለማ!

ነገሩ ግን እውነት ነው። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ በደንብ እንዲሰማለት የሚፈልግ ሰው አንድ ሽቦ ወደ ላይ ይሰቅላል፣ አንድ ሽቦ ደግሞ ወደ ታች ይቀብራል። የላይኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንቴና ነው። የታችኛውን ኤሌክትሪሽያኖቹ «ኧርዝ» ወይም «ግራውንድ» ይሉታል፤ እኛ የመሬት ሽቦ እንበለው። የዛሬው ወጌ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ስለዚህ የታችኛው ጫፍ ነው።

«በዚህ ዘመን ደግሞ የምን ሬዲዮ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መቼስ ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል፤ ዜናው በስልክ፣ ዘፈኑ በስልክ፣ ለቅሶው ሳይቀር በስልክ። እኔም ብሆን ከስልክ ጋር ጠብ የለኝም። ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ሲቀሰቀስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለቀናት ሳይሆን ለወራት ሆነ። ዓለምን በመዳፋችሁ ያዙ የተባልንበት ዕቃ ለብዙዎቻችን ከሰዓትነትና ከእጅ ባትሪነት ብዙም አላለፈም። ያኔ ነው ከቁም ሣጥን አናት፣ ከአልጋ ሥር፣ ከጎታ ጀርባ ተረስተው የኖሩት ሬዲዮዎች አቧራቸው እየተራገፈ መውጣት የጀመሩት። አራዳ ገበያ ውስጥ «የሬዲዮ ድንጋይ አለ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ተሰማ። ዕድሜ የጠገቡት ፊሊፕስና ናሽናል ወደ ጠጋኝ ቤት ተመለሱ።

ደጋው ግን ሬዲዮውን ከመጀመሪያውም አልጣለም ነበር። ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የገባ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከዚያ ወዲያ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ በሊማሊሞ ገደል ጠመዝማዛ ቁልቁል መውረድ፣ ወይ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚቆመው ወደ ራስ ደጀን አቅጣጫ ሽቅብ መውጣት። በዚህ አገር የኤፍ ኤም ሬዲዮ ብዙ አይራመድም። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ፊት ለፊቱ ተራራ ከቆመበት ወዲያ ማዶ አያይም። የአጭር ሞገድ ጠባዩ ሌላ ነው። ወደ ሰማይ ይወጣና ከምድር በላይ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ ከሞላችው የአየር ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል። ከላይ ለሚወርድ ተራራ ምኑ ነው? ስለዚህ ነው በስሜን ገደል ሥር የሚያድር እረኛ የጎንደርን ኤፍ ኤም ሳይሰማ ከጀርመን የሚመጣውን ድምፅ የሚሰማው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ዳባት ከጎንደር ቢርቅ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሲዘጋና ስልኩ ሲጠፋ ግን የጎንደር ሰው የዳባትን ወሬ የሚሰማው ከቦን ነው። ወሬው እንደምንም ብሎ ከዳባት ይወጣል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ጀርመን አገር ይነበባል፤ ከዚያ ወደ ሰማይ ተወርውሮ ጎንደር ጣሪያ ላይ ያርፋል። የጎረቤትን ሳል በአውሮፓ በኩል ዞሮ መስማት ማለት ይኼ ነው።

ይህ የዞረ ጉዞ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መሰማት የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በአጭር ሞገድ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አሰኘው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያው ያኔ ኮሎኝ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ። ለረጅም ዓመታት የብዙ ቤት ምሽት በእነዚህ ነበር የሚቆጠረው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀርመን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አሜሪካ። እራት የሚቀርበው በመካከል ነው።

በደርግ ጊዜ እንዴት ይደመጥ እንደነበር የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። በሩ ይቆለፋል፤ ሬዲዮው ጋቢ ውስጥ ይገባል፤ አባት ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰማሉ፤ አንድ ልጅ ደግሞ መስኮት ሥር ይቀመጥና የሰው ኮቴ ያዳምጣል። ድንጋዩ ከደከመ በጥርስ ይነከሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ለሁለት ምሽት ነፍስ ይዘራል። ሽቦ ግን ውጭ አይሰቀልም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ስለሚከልል ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እንደሚጠበስ ሥጋ ይንጫጫ ነበር፤ ሆኖም ጥርት ብሎ ከሚሰማና ለሰው ከሚታይ ሽቦ ይልቅ የሚንጫጫና የተደበቀ ይመረጣል። ዘመን ተለውጦም ሞገዱን ማፈኑ አልቀረም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን መሣሪያ እየተሞከረ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል፤ ጣቢያውንም በሩዋንዳ እልቂት ጊዜ ከነበረው ከሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለውታል። የአፈናውን ድምፅ የሰማ አይረሳውም፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሆኖ ዜና ለመስማት እንደመሞከር ነው።

ወደ ሽቦው እንመለስ። የእኔን የዘረጉልኝ ዕድሜያቸውን በስልክ እንጨት ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ከእኔ ቢያንስ በ15 ዓመት ስለሚበልጡ ጋሼ ነው የምላቸው። የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው መጡና አስቀድመው ያዩት ግቢዬን ሳይሆን የመብራት ኃይል መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ነበር። «ሽቦህ ቢበጠስ በመብራቱ መስመር ላይ መውደቅ የለበትም፤ የመብራቱም መስመር ቢበጠስ በሽቦህ ላይ መውደቅ የለበትም» አሉ። ይህ የመጀመሪያው ሕግ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢበላሽ የሚጎዳው የድምፅ ጥራት ነው፤ ይኼኛው ግን ሰው ይገድላል።

ስለ ርዝመቱ ስጠይቃቸው ሒሳቡን ነገሩኝ። 300ን ለሜጋ ኸርዝ ብታካፍለው የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛለህ፤ 9.6 ሜጋ ኸርዝ 31 ሜትር ይሆናል፤ ጣቢያዎቹ «በ31 ሜትር ባንድ» የሚሉት ይህንኑ ነው። «ታዲያ የእኔ 31 ሜትር ይሁን?» አልኳቸው። ግቢዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ሜትር አይሞላም። ጋሼ ሳቁ። «ለመናገር ልክ ያስፈልጋል፤ ለመስማት ግን ያለህ ይበቃሃል» አሉኝ። ለካስ የሚያሰራጭ አንቴና ርዝመቱ ካልተስተካከለ ኃይሉ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የሚቀበል ግን ይህን ያህል አያስቸግርም። ይህችን አባባል ከሬዲዮ ውጭም ለብዙ ነገር ትሆናለች ብዬ በልቤ ያዝኳት።

አሥራ ስምንት ሜትር ሽቦ ከቤቱ ክፈፍ እስከ ግቢው ዳር ተዘረጋ። ዳር ላይ ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ተተከለ። ሽቦው እንጨትና ቆርቆሮ እንዳይነካ በሁለቱም ጫፍ የጠርሙስ አንገት ገባበት፤ የአረቄ ጠርሙስ ነው፣ አረቄውን ማን እንደጨረሰው አንነጋገርም። በአጣናው በኩል ያለው ገመድ አልታሰረም፤ በቀለበት ውስጥ ገብቶ ጫፉ ላይ ድንጋይ ተንጠለጠለበት። ነፋስ ሲመጣ ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሽቦው አይበጠስም። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ሽቦው ትንሽ ወደ ታች እንዲረግብ ተደረገ፤ የዝናቡ ውኃ በሽቦው ተከትሎ ቤት እንዳይገባ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። «አለቀ?» አልኩ። «ግማሹ አለቀ» አሉ ጋሼ፤ ከዚያም ዶማ ጠየቁ።

የሬዲዮ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በዶማ ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያናዊው ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 በአባቱ ርስት ላይ ሲሞክር መልእክቱ ብዙ አልራቀለትም ነበር። ርቀቱ የጨመረው የሽቦውን አንድ ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላኛውን ከመሬት ጋር ሲያገናኘው ነው፤ ያኔ ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ተሰማ። ከስድስት ዓመት በኋላ አትላንቲክን የተሻገረችውን ምልክት ኒውፋውንድላንድ ላይ ሲቀበል ሽቦውን በነፋስ የሚበር ካይት ላይ ሰቅሎት ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ካይቷን ነው። የተቀበረውን የሚያነሳ የለም።

የጎንደር መሬት ግን ለቀባሪ አይመችም። ሁለት ሜትር የብረት ዘንግ ይዘን በመዶሻ ስንመታው ስልሳ ሳንቲ ሜትር ገብቶ ዓለት ላይ ጮኸ። ሌላ ቦታ ሞከርን፤ ያው ነው። ለግንብ የተመቸ አገር ለኧርዝ አይመችም። በዚህ ጊዜ ዘዴው ወደ ታች ያልገባውን ወደ ጎን ማስገባት ነው። ጋሼ የልብስ ማጠቢያው ውኃ የሚፈስበትን፣ በበጋም የማይደርቀውን ጥግ መረጡ፤ ረዘም ያለ ቦይ አስቆፈሩና ዘንጉን አጋደሙት። ዙሪያውን የተፈጨ ከሰል፣ በከሰሉ ላይ ጨው፣ በጨው ላይ ውኃ። ኤሌክትሪክ በደረቅ አፈርና በዓለት ውስጥ መሄድ ይከብደዋል፤ እርጥበትና ጨው መንገድ ይከፍቱለታል፤ ከሰሉ ደግሞ እርጥበቱን ይይዛል። ጨው ብረትን ስለሚበላ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤቴ እትዬ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያዩን ነበር። ጨውን ሲያዩ ግን ዝም ማለት አልቻሉም።

«ምነው ልጄ፣ ማን ላይ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ለሬዲዮ ነው።»

«ለሬዲዮ ጨው?»

ጋሼ ከጉድጓዱ ቀና ብለው አስረዱ፤ አንቱ ሬዲዮ ሲሰሙ ድምፁ እንዲጠራ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሽቦው ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው አሏቸው። እትዬ ሰሙ። በመተቱ በኩል የረኩ መሰለኝ። ከዚያ ግን ዓይናቸው ከጉድጓዱ ተነስቶ በአጣናው ላይ ወጣ፤ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ተከተለው። ፊታቸው ተለወጠ። በበሩ ዞረው ገቡና አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይኼን አውርደው» አሉኝ።

መብረቅ የፈሩ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው በሚኖርበት ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ሽቦ ነበረ። አንቴና ይሁን የልብስ ማስጫ እትዬ እስከ ዛሬ አያውቁም። የመጡት ሰዎችም አልጠየቁም። ሽቦውንም ልጁንም ወሰዱ። «የሚሰማ ሰው አይታይም ልጄ» አሉኝ፤ «ሽቦ ነው የሚያሳብቅ።»

ምን ይባላል? «ያ ዘመን አልፏል» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ሰው ከመሸ የማይወጣበት ጊዜ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ደፍሮ የሚናገር አፍ አልነበረኝም። ደግሞም አጥራችን አንድ ነው። በእኔ ቤት የሚመጣ ሰው የእሳቸውንም በር ያንኳኳል። ግቢው የእኔ ቢሆንም ሽቦው የሁለታችን ጉዳይ ነበር። ጋሼን አየኋቸው፤ ጋሼ መዶሻቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እሳቸው ካልፈቀዱ ይወርዳል» አሉ።

እትዬ ወዲያው አልመለሱም። ቡና አፈሉልን። በሁለተኛው ሲኒ ላይ እኔ አጣናው ከአጥራቸው ተነስቶ በማዶ ጥግ እንዲተከል፣ ሽቦውም በእሳቸው ግቢ በኩል እንዳይታይ እንደማደርግ ነገርኳቸው። እሳቸው ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። «ከአጥሬ አርቀው፤ ይሁን። ስትሰማ ግን ድምፁን አትቀንሰው። እኛ ያለቅነው በሹክሹክታ ነው። ምን እንደምትሰማ ጎረቤትህ ይስማ።» አጣናውን አነሳን፤ ያንኑ ቀን ሳይመሽ በሌላኛው ጥግ ቆመ።

ስለ መብረቅ ያልተናገርኩት ብዙ ነው። እኛ ስናድግ የተማርነው ዝናብ ሲመጣ ቀይ ልብስ እንዳንለብስና ከዛፍ ሥር እንዳንቆም ነበር። ሁለተኛው ምክር ሕይወት ያድናል። የደጋ እረኛ ከብቶቹን ይዞ በጽድ ሥር ሲጠለል መብረቁ ዛፉን ይመታና በመሬት ውስጥ ይበተናል፤ ከብቶቹ የሚያልቁት ብዙ ጊዜ ቀጥታ ተመትተው ሳይሆን የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ በመካከሉ ኤሌክትሪኩ ስለሚያልፍ ነው። ሰውም እግሩን አንፈራጦ ከቆመ እንደዚያው ነው። አንድ መብረቅ በአማካይ 30,000 አምፔር ያህል ይይዛል። የእኔ ዓይነት ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ኧርዝ ቢኖረውም አይችልም። ኧርዙ የሚያገለግለው ደመናና ደረቅ ነፋስ ሽቦው ላይ ቀስ በቀስ የሚያከማቹትን ኤሌክትሪክ ለማውረድና አጠገብ የወደቀ መብረቅ የሚልከውን ንዝረት መንገድ ለማሳየት ነው። ስለዚህ ጋሼ ከመስኮቱ ውጭ ሁለት መንገድ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ገጠሙ፤ በአንዱ በኩል ሽቦው ወደ ሬዲዮው፣ በሌላው በኩል ወደ መሬት ይሄዳል። ሬዲዮ በማይሰማበት ሰዓት ሁሉ ሽቦው መሬት ላይ ነው። የነጎድጓድ ድምፅ ከሩቅ ከመጣ በኋላ ግን ማንም ሽቦውን አይነካም፤ መነቀል ያለበት ሰማዩ መክበድ ሲጀምር ነው። ከመብራት ቆጣሪው ጋር ማገናኘት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው።

መሬት ያልነካ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ የሚመሰክር አንድ ሊቅ አለ። ጆርጅ ሪችማን ይባላል፤ ፒተርስበርግ የሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ ውስጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1753፣ ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ካሳየ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከጣሪያው ላይ ብረት ተክሎ ሽቦውን ወደ ቤቱ አስገባና የደመናውን ኃይል ሊለካ ተቀመጠ። ለመለካት ሲል ሽቦውን ከመሬት ጋር አላገናኘውም። ማዕበል መጣ፤ መብረቁም ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ በሪችማን በኩል አገኘው።

እኛም የራሳችን ምስክር አለን። የአድያም ሰገድ ኢያሱ የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ክብ ሆኖ የተሠራ ነበር፤ በ1700 ዓ.ም. ገደማ በመብረቅ እንደ ወደመ ይነገራል። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ አንጋጦ የሚያየው የመላእክት ፊት ያለበት ጣሪያ በኋላ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህን ደብር ንብ እንዳዳነው ማንም የጎንደር ልጅ ይተርክልሃል። የንቡን ታሪክ ለልጅ ልጅ እናስተላልፋለን፤ የመብረቁን ግን በግማሽ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን።

ሽቦው በተተከለ በሳምንቱ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የከተማ ሬዲዮ ሰሚ መብራት ሲጠፋ እንደማይከፋው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የርካሽ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የስታቢላይዘሩ ጩኸት ሁሉ በአንዴ ከሰፈሩ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ጆሮ ይበራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅ ያለ ምንም ሽሽታ ጥርት ብሎ ገባ። እንደ ቃሌ ድምፁን አልቀነስኩም። እትዬ በአጥሩ በኩል ወንበር አስጠግተው ሰሙ። እህታቸው ወገራ ናቸው፤ ሦስት ወር ድምፃቸውን አልሰሙም። ዜናው ስለ እህታቸው ምንም አላለም፤ ዜና ስለ አንድ አሮጊት አያወራም። ግን የወገራ ስም ሲጠራ እትዬ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ፤ ሲያልቅም «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁ።

በርግጥ የሩቅ ድምፅ የራሱ ባለቤት አለው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ታገዱና ሥርጭቱ ጸጥ አለ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በለመድኩት ቦታ ቁልፉን ሳዞር የሰማሁት የሰማዩን ኩሽኩሽታ ብቻ ነበር። ደርግ በጋቢ ያስሸፈነውን፣ ኢሕአዴግም በወፍጮ ድምፅ ሊሸፍነው የሞከረውን አማርኛ የራሱ ጌታ በአንድ ወረቀት ዘጋው። ሽቦው ምንም አልጎደለበትም። የዳባትን ወሬ በቦንና በዋሽንግተን በኩል ስንሰማ መኖራችን የሽቦ ችግር እንዳልሆነ ግን ያኔ ፍንትው ብሎ ታየኝ፤ ዳባትና ጎንደር በቀጥታ የሚነጋገሩበት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጆሯችንን ለባዕድ ሰው ወጪና ፈቃድ እናከራያለን።

ጉድጓዱ ግን ያላሰብነው ሥራ ሠራ። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስለ ጨውና ስለ ከሰሉ አውርተዋል። አንድ እሑድ የሰፈራችን ደብር ሰበካ ጉባኤ ጋሼን አስጠራቸው። ደብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ረጃጅም ጽድ ቆሟል፤ ጉልላቱ ብረት ነው። ጋሼ ዙሪያውን ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። ከጉልላቱ ወደ መሬት የወረደ አንዲት ሽቦ የለም። ወረድ ብሎ ያለው ትምህርት ቤትም የቆርቆሮ ጣሪያውን ይዞ እንዲሁ ነው፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ይቀመጥበታል።

ጋሼ የሚያስፈልገውን ዘርዝረው ሰጡ፤ ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ ዘንግ፣ ቦይ፣ ከሰል፣ ጨው። ከሰሉንና ጨውን ምእመናኑ በአንድ ቀን አዋጡ። ቦዩን ወጣቶቹ ቆፈሩት፤ «ማን ላይ ነው?» ያለም የለም። መዳቡ ላይ ክርክር ተነሳ። ውድ ነው ተባለ፤ ሌባ ይነቅለዋል ተባለ፤ ከዚያ በፊት የአጥሩ ግንብ ይቅደም ተባለ፤ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴው እስካሁን ሁለት ጊዜ ተሰብስቧል። ቦዩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰኔ ግን ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም።